የአዲስ ትራክተርና መኪና ዋስትና፦ ሰርቪስ መቼ፣ የት፣ በምን ማስረጃ?

አዲስ ትራክተር ገዝቶ ወደ ቀዬው የገባ አርሶ አደር በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስበው ስለ እርሻው እንጂ ስለ ጋራዥ አይደለም። በብዙ አምራቾች መመሪያ ግን የመጀመሪያው ሰርቪስ የሚደርሰው ትራክተሩ 50 ሰዓት እንደሠራ ነው። በእርሻ ወቅት በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ትራክተር ይህን በሰባተኛው ቀን ይሞላዋል። «ይህን ማሳ እንጨርስና» እየተባለ 150 ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ሞተሩ ቢበላሽ፣ ባለቤቱ የዋስትና ጥያቄው ውድቅ ሊደረግበት ይችላል። ትራክተሩ በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ቆሞም ክፍያው ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ሰርቪስ የሚፈጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዳዲስ የብረት ክፍሎች እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ ደቃቅ ብናኝ ያራግፋሉ፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተቀየሩ አብሮ ይወጣል፤ ከዘገዩ ግን ሞተሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሞተር ዘይት ለውጥ በብዙ ትራክተሮች በየ250 ሰዓቱ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከማሽኑ ጋር በተሰጠው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ዋስትናው የሚታየውም በዚያ ቁጥር እንጂ በጎረቤት ልማድ አይደለም።

ለመኪና የሰርቪስ ጊዜ የሚለካው በኪሎ ሜትርና በወር ሲሆን፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። በመመሪያው 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ተብሎ ከተጻፈ፣ በከተማ ውስጥ በ6 ወር 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪናም ሰርቪስ ይገባል። ዘይት በመቆምም ያረጃል፤ በአጭር ጉዞ ብቻ የሚሠራ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበት ይሰበስባል። የዋስትናው ዕድሜም የሚቆጠረው በዚሁ መንገድ ነው። 3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ተሽከርካሪ በየቀኑ 200 ኪሎ ሜትር ለትራንስፖርት አገልግሎት ቢሮጥ፣ ዋስትናው በ500 ቀን ያበቃል። «3 ዓመት» የሚለውን ብቻ የያዘ ገዥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ሳያውቀው ያጣል።

መመሪያ መጽሐፍት አብዛኛውን ጊዜ «ከባድ አጠቃቀም» የሚል ሌላ ሠንጠረዥ አላቸው። አቧራማ መንገድ፣ ተደጋጋሚ ዳገት፣ ከባድ ጭነት፣ ቆም ሄድ የሚል የከተማ ጉዞ በዚህ ስር ይካተታሉ። በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ተሽከርካሪ መከተል ያለበት ይህን ሠንጠረዥ ነው፤ የሰርቪሱ ርቀትም ብዙ ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል።

ከሁሉም በላይ በእኛ መንገድና ማሳ ሞተርን የሚጎዳው አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያውን ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ የተለመደ ቢሆንም ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ጠርዙን ያጣምመዋል። በአየር ማጽዳት ከተፈቀደም በዝቅተኛ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ብዙ ትራክተሮች ያላቸው ሁለተኛው የውስጥ ማጣሪያ ደግሞ አይጸዳም፤ ይቀየራል። አቧራ የገባበት ሞተር ሲፈታ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይመሰክራል፤ ያንን ያየ ባለሙያ የፋብሪካ ጉድለት ነው አይልም።

ነዳጅም ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። በበርሜልና በጀሪካን ተጓጉዞ የመጣ ናፍታ ውኃና ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የተበላሸ የነዳጅ ፓምፕ በዋስትና አይሸፈንም። ናፍታውን አስቀምጦ ማጥለል፣ ከማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስ፣ ታንከሩንም ማታ ሞልቶ ማሳደር ይጠቅማል። ጎዶሎ ታንከር ውስጥ ባለው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ውኃ ጠብታ ይቀየራልና።

ዋስትና የሚሸፍነው በማምረት ወይም በመገጣጠም የተፈጠረን ጉድለት ነው። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፊልትሮና የዝናብ መጥረጊያ በሥራ የሚያልቁ በመሆናቸው አይካተቱም። ከአቅም በላይ መጫን፣ ተጨማሪ መብራት ወይም ማንቂያ ለመግጠም ገመድ መቁረጥም ጥያቄን ያስወድቃል። ጂፒኤስ ወይም የፍጥነት መገደቢያ የሚገጠም ከሆነ ሻጩን በጽሑፍ ማስፈቀድ ይሻላል። ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መውሰድም ሰርቪስ ተደርጓል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የከተማ ነዋሪው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ሆኗል። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የለውም፤ ነገር ግን የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማርሽ ዘይትና የጎማ ማዘዋወር የራሳቸው ጊዜ አላቸው። የዋናው ባትሪ ዋስትና በብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ጥያቄው ይህን ዋስትና እዚህ ማን ይፈጽመዋል የሚለው ነው። ለሌላ ሀገር ገበያ ተመርቶ በግለሰብ ነጋዴ የገባ መኪና የአምራቹ ዋስትና ድንበር ላይ ሊቀር ይችላል። ገዥው የሻጩን ስም፣ ማኅተምና የሻንሲ ቁጥሩን የያዘ የዋስትና ወረቀት ካላገኘ በእጁ ያለው የቃል ተስፋ ብቻ ነው።

ጋራዡ ሩቅ መሆኑ ለአርሶ አደሩ እውነተኛ ችግር ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ተንቀሳቃሽ የጥገና ቡድን አለ ወይ፣ ሰርቪሱን በአቅራቢያ ባለ ጋራዥ ማስደረግ ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በውሉ ማስገባት ያስፈልጋል። «ነጻ ሰርቪስ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ነጻ የሚያደርገው የእጅ ዋጋን ብቻ ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ ይከፈልበታል።

ማስረጃ የሚባለው የሰርቪስ ደብተር ነው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር ወይም ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የጋራዡ ማኅተም፣ አብሮም ደረሰኝ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ መልካም ነው። በ«2017» የተጻፈ ቀን የእኛ ይሁን የውጭው ካልታወቀ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። ዋስትናው የሚጀምረው ከርክክብ ቀን ይሁን ከሌላ ቀንም ተለይቶ ይጻፍ፤ ሰሌዳና ሊብሬ እስኪወጣ የቆመበት ጊዜ ሊቆጠር ይችላልና።

ብልሽት ሲያጋጥም ወዲያው ማቆም ይገባል። የሙቀት ጠቋሚው ቀይ ላይ ደርሶ እየተነዳ የተጎዳ ሞተር የባለቤቱ ዕዳ ነው። ሻጩ ሳያየው ሞተሩን ማስፈታትም እንዲሁ፤ ማስረጃው አብሮ ይፈታል። ሻጩን በስልክ ማሳወቅ ለፍጥነት ጥሩ ቢሆንም በጽሑፍ መድገም ያስፈልጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዥው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ውሉን፣ ደረሰኙንና የሰርቪስ ደብተሩን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይቻላል።