«አዴት» ሦስት ሳጥን ሲሆን

አሮጌ ስልክ ላይ «አዴት» የሚል መልእክት ከፍታችሁ ሦስት ባዶ ሳጥኖች ብቻ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን «ጽሑፉ ተበላሽቷል» እንላለን። አልተበላሸም! መልእክቱ የያዘው የፊደሉን ሥዕል ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ለምሳሌ «ት» በዩኒኮድ ሰንጠረዥ 1275 ላይ ተቀምጣለች። ሥዕሉ ያለው ፎንት በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ስልኩ በቁጥሩ ሄዶ ሥዕሉን ሲያጣው ሳጥን ይስላል። ሳጥኗ እንግዲህ «ፊደሉ አለ፣ መልኩን ግን አላገኘሁትም» ማለቷ ነው።

ድሮ ይህም አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ አቀማመጡም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ፎንቱ ሲጠፋ ታዲያ ሳጥን አይመጣም፤ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ይደረደራሉ። ኮምፒውተሩ የጎደለው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የቬክተር ሥዕል ደረጃ የሆነው ኤስቪጂም ይኸው ጥያቄ ገጥሞታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ አንዱ የሥዕል ክፍል ሌላውን በስም እንዲጠራ ፈቀደ፦ «ይህን ማሳ እዚያ በተገለጸው ቀለም ሙላው» እንደማለት። የተጠራው ቀለም ከሌለስ? ሠሪው መጠባበቂያ ቀለም ካላስቀመጠ፣ የመጀመሪያው ሕግ ጥብቅ ነበር፦ እስከ ስህተቱ ድረስ ሳል፣ እዚያ ላይ አቁም፣ ስህተት መኖሩንም በግልጽ አሳይ። ለጠፋ ፊደል የሚተካ ቅርጽ የሚሳልበት ቦታም ነበረው።

ኋላ የመጣው ሁለተኛው ኤስቪጂ ግን ለዘብ አለ። ቀለሙ ከጠፋ ማሳው ሳይቀባ ይቀራል፣ የቀረው ካርታ ይሳላል። በአንድ ስህተት ሙሉ ሥዕል አለመቅረቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ማሳው መጥፋቱን ማንም ላያስተውል ይችላል። ሳጥኗ ብታስጠላም ሐቀኛ ናት፤ ዝምታ ግን ያታልላል።

እና ምን እናድርግ? የጎጃምን ካርታ ስትሠሩ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ብትቀይሩት የትም ቢከፈት ይታያል፤ ግን «አዴት» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጋችሁ ተዉትና ፎንቱን አብራችሁ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካለም፣ ፎንቱ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።