ጉተናን ማን መረጠው?

«ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚወረወረው አቅሙን ሳያውቅ ለሚንጠራራ፣ ጊዜው ሳይደርስ ለሚቸኩል ሰው ነው። ቃሉን በጥሬው ስንወስደው ግን የቆየ ሥርዐት ይጠቁመናል። ፀጉር ማሳደግ ዕድሜ ነበረው፤ ጉተና ለማውጣት ፈቃድ ሰጪው ጊዜ እንጂ መስተዋት አልነበረም። ዛሬ አንዲት የከተማ ወጣት ፀጉር ቤት ገብታ «ምን ይሻለኛል?» ስትል ቅድመ አያቷ ጠይቃው የማታውቀውን ጥያቄ እየጠየቀች ነው። ለቅድመ አያቷ መልሱ ከጥያቄው በፊት የተሰጠ ነበርና። ለመሆኑ ፀጉራችንን ማን ይመርጥልን ነበር? ምርጫው ወደ እጃችን የገባውስ እንዴት ነው?

ከሕፃንነት እንጀምር። በደጋው የአገራችን ክፍል የሕፃን ራስ በምላጭ ይላጭና ለወንዱ ልጅ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት ነበር። ለሴቷ ደግሞ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚቀረው ጋሜ ነበር። ከፍ ስትል ሳዱላ ትባላለች። ሳዱላ የፀጉሩ ስም ነው፤ ያላገባች ልጃገረድ መጠሪያም ነው። ስትዳር የአናቷ ፀጉር እንዲያድግ ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሹሩባ መሠራት ይመጣል። ባሏ ወይም የቅርብ ዘመዷ ሲሞትባት ደግሞ ያ ስንት ዓመት ያሳደገችው፣ ቅቤ ሲጠጣ የኖረ ፀጉር በአንድ ቀን ተላጭቶ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ በገበያ መካከል የምታልፈውን ሴት ያየ ሰው፣ ልጃገረድ ትሁን ባለትዳር ወይም ሐዘንተኛ፣ ስሟን ሳይጠይቅ ከራሷ ላይ ያነብ ነበር።

ወንዱም ከዚህ ንባብ አያመልጥም። ዛሬ ሹሩባ የሴት ነው ብለን ብንደመድምም ያለፉት ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ይታዘቡናል። ዐፄ ቴዎድሮስን ያለዚያ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ማሰብ ያስቸግራል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ሹሩባቸውን ተሠርተው ይታያሉ። ጠላት ወይም ትልቅ አውሬ ገድሎ የተመለሰ ጀግና ደግሞ ራሱን ቅቤ ይቀባ ነበር። ቅቤው ሽልማት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዓለምን ንቆ በረሃ የገባው ባሕታዊ። እሱ አይላጭም፣ አይሠራም፣ አይቀባም። ፀጉሩን መተዉ ራሱ ከማኅበሩ መውጣቱን ይናገርለታል።

ፀጉር እንዲህ የሰውዬው ማንነት ከሆነ መቁረጡም ቀላል ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ እንግሊዞች ከዘውድና ከብራና መጻሕፍት ጋር የንጉሡን ፀጉርም ቆርጠው ወሰዱ። ፀጉሩ በመጨረሻ ለንደን ከሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ገባ፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰውም በ2011 ዓ.ም. ነው። 151 ዓመት! በሚዛን ቢቀመጥ ጥቂት ግራም የማይሞላ ነገር ነው። ነገር ግን ፀጉሩን የተቀበሉት ወገኖች የተቀበሉት የአንድ ሰው አካል እንደሆነ ያውቁ ነበር።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ፀጉርን የሚመርጠው ወግ ብቻ እንደነበር ያስመስላል። ይህ ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ሌላው መራጭ የዕለት ኑሮ ነበር። አንዲት የገጠር እናት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። በየማለዳው በሚዶ የምታበጥርበት ጊዜ የላትም። ሹሩባ መልሱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ግማሹን ከጎረቤቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ትሠራለች፤ ጎረቤትዋ በወስፌ እየከፈለች ትጎነጉናለች፤ ከዚያ ለሳምንታት እፎይ ነው። ያ ግማሽ ቀንም ባዶ ጊዜ አልነበረም። የታመመው፣ የታጨው፣ የተጣላው ሁሉ የሚወራው በዚያ ጉልበት ላይ ነው።

ሌሊትም የራሱ ብልሃት ነበረው። የተሠራ ፀጉር እንዳይጨፈለቅ አንገት የሚያርፍበት ከእንጨት የተጠረበ ብርኩማ ነበር። ቅቤውም ለወዝ ብቻ አይደለም፤ ደረቁን የደጋ ፀሐይና ነፋስ ይከላከላል። በ1843 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊ ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህን በራሱ ላይ ሞክሮታል። በትግራይ ሲኖር ጫማና ባርኔጣውን ጥሎ፣ ራሱን የሚሸፍነው በገዛ ፀጉሩና ሲገኝ በሚቀባው ቅቤ እንደነበር በ1853 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎአል። የልጆቹ መላጨትም እንደዚሁ ነው፤ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ቅማልን መከላከያው ምላጭ ነበር። ወጉና ኑሮው ተስማምተው ይመርጡ ነበር ማለት ነው።

ኑሮው ሲናጋ ፀጉሩም ይናጋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሽስት ወረራ ዘመን ዱር ቤቴ ያለው አርበኛ ምላጭም ሆነ ሠሪ አልነበረውም። ፀጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈረ። በችግር የመጣው ጎፈሬ ውሎ አድሮ የእምቢ ባይነት ምልክት ሆነ። ነጻነት ተመልሶ በየዓመቱ በዓሉ ሲከበርም አባት አርበኞች ከጋሻና ጦራቸው ጋር ጎፈሬያቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ታጋዮችም ያጎፈሩ ነበሩ። የከተማው ሰው ያን ቀን ሲያስታውስ ከመሣሪያቸው ጋር ፀጉራቸውን ያነሣል።

በከተማ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሲበስል ቆይቶ ነበር። ቶንዶስ የያዘ ፀጉር አስተካካይ ወንበሩን ዘረጋ። መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ዘመናዊ ጦር የወንዱን ሹሩባ አስረሱት። ለሴቶች ቢጎዲንና ካስክ መጡ። በ1960ዎቹ ደግሞ ወጣቱ በባሕር ማዶ ጥቁሮች ዘንድ የተነሣውን አፍሮ ተቀብሎ በየመንገዱ አጎፈረ። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ የአያቱ ጎፈሬ ነበር። ይሁንና አንድ ልዩነት አለ። አያቱን ያጎፈረው ዱር ነው፤ የልጅ ልጁ ያጎፈረው ወዶ ነው። ምርጫ የምንለው ነገር የገባው በዚህ በኩል ነው። ያገባች ሴት አጭር ትቆረጣለች፤ ያላገባችው ሹሩባ ትሠራለች፤ ማንም ከራሷ ላይ ታሪኳን አያነብባትም። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ ልናቃልለውም አይገባም። በቁንጮና በሳዱላ ዘመን አንዲት ሴት ሐዘኗን እንኳ መሸሸግ አትችልም ነበር።

ነገር ግን አሮጌው ጌታ ሲወርድ አዲስ ጌታ እንዳይነግሥ መጠንቀቅ ያሻል። ሉጫ ፀጉርን ማወደስና «ከርዳዳ» ብሎ መዝለፍ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር ከርዳዳውን በኬሚካልና በጋለ ብረት ሉጫ ለማድረግ በየጊዜው የሚከፈለው ዋጋ ነው። ፀጉር በሙቀት ይሰባበራል። በጣም ተወጥሮ የተሠራ ሹሩባም፣ ባህላችን ነው ብለን ብንኮራበትም፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ፀጉሩን ከሥሩ እየነቀለ ያሳሳል። ተጎትቶ የሚያምን ራስ «ያምርብሻል» በሚል ቃል ማስታገሥ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የጥንቶቹን ወግ መመለስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከእነሱ ልንወስደው የሚገባን አንድ ጥያቄ ግን አለ። ያች ውሃ የምትቀዳ እናት ፀጉሯን የለካችው በቀኗ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ታክሲ የምትሻማ ሠራተኛ፣ ሌሊቱን ቆብ አድርጋ የምታድር ነርስ፣ ከምጣድ ሥር ጢስ የምትጠጣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ሦስቱም አንድ መጽሔት ላይ ያለች አንዲት ቆንጆ ፎቶግራፍ አይታ አንድ ዓይነት ፀጉር ብትሠራ ቀናቸው አይቀበላትም። በየጠዋቱ ስንት ደቂቃ አለኝ? ፀጉሬ በተፈጥሮው ምን ይወዳል? የምሠራው ሥራ ላብ ነው፣ አቧራ ነው ወይስ ጥላ? ይህን የመለሰች ሴት ወደ ፀጉር ቤት የምትገባው ጠይቃ ሳይሆን አዝዛ ነው።

ተረቱም አዲስ ትርጉም ያገኛል። የጠና ራስ ማለት ዛሬ ዕድሜው የደረሰ ብቻ አይደለም፤ የሚሻለውን ራሱ የሚያውቅ ነው። ጉተናው ከዚያ በኋላ ይድረስ።