ለካንሰር ግንዛቤ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ጉዞ

ለካንሰር ግንዛቤ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ጉዞ ሞተረኞች በአንድ ቀን በሰልፍ እየነዱ ስለ ካንሰር ሕዝብን የሚያነቁበትና ለሕሙማን ወይም ለምርምር ገንዘብ የሚያሰባስቡበት የበጎ አድራጎት ዝግጅት ነው። ውድድር አይደለም፤ ቀድሞ የገባ አይሸለምም። ተሳታፊው ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ መዋጮ ይለምናል፤ በዕለቱም ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ በዝግታ ይነዳል። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ለካንሰር ተብሎ አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ በአብዛኛው በእግሩ ነው፤ በሩጫ ወይም በእግር ጉዞ። ሆኖም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በወግዲና በመካነ ሰላም በኩል፣ ካንሰርና መንገድ እጅግ የተቆራኙ ስለሆኑ ዝግጅቱ ለአካባቢው ሰው ሊኖረው የሚችለው ትርጉም ከውጭው ዓለም የጠለቀ ነው።

አጀማመሩ

ከቀደምቶቹ ጉዞዎች አንዱ ማይክና ዳያን ትሬይነር የተባሉ ባልና ሚስት በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አትላንታ ከተማ የጀመሩት «ራይድ ፎር ኪድስ» ነው። ዓላማው የአንጎል ዕጢ የያዛቸውን ሕፃናት መርዳት ነበር፤ በኋላም የሕፃናት የአንጎል ዕጢ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከዚሁ ጉዞ በቅሏል። የዚህ ጉዞ አንድ ልማድ ልብ ይነካል። ከሰልፉ ፊት የሚሄዱት በሽታውን የታገሉ ሕፃናት ራሳቸው ናቸው፤ በሞተሩ ጎን በተገጠመ መቀመጫ ወይም ከነጂው ኋላ ተቀምጠው፣ በመቶ የሚቆጠር ሞተር እያስከተሉ ይጓዛሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ኦታዋ የፕሮስቴት ካንሰርን ዓላማው ያደረገ «ራይድ ፎር ዳድ» የተባለ ጉዞ ተጀመረ፤ ወደ ሌሎች የካናዳ ከተሞችም ተስፋፋ።

ዛሬ በስፋቱ የሚታወቀው ማርክ ሃዋ በ2012 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሲድኒ የጀመረው «ዲስቲንግዊሽድ ጀንትልማንስ ራይድ» ነው፤ የተከበሩ ጨዋዎች ጉዞ ማለት ነው። ሐሳቡን የጫረው «ማድ ሜን» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ሙሉ ልብስ ለብሶ የድሮ ሞዴል ሞተር ላይ የተቀመጠበት ፎቶግራፍ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በ64 ከተሞች ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች ተሳተፉ። በ2023 ከ100 በሚበልጡ ሀገሮች ከ100 ሺህ በላይ ሞተረኞች ነዱ። የሞተር አምራቹ ትሪየምፍ ከ2014 ጀምሮ ዋና አጋር ሲሆን፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ በ2003 በሜልቦርን ለተመሠረተውና ለወንዶች ጤና ለሚሠራው ሞቬምበር ለተባለ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱም ለፕሮስቴት ካንሰር ምርምርና ለወንዶች የአእምሮ ጤና ያውለዋል።

የዚህ ጉዞ ነጂዎች እንደ ገጸ ባሕርዩ ክራቫትና ኮት የሚለብሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም። በብዙ ሀገር ሞተረኛ ሲባል ሰው የሚያስበው ሁከተኛና ጥድፊያ የሚወድ ጎረምሳ ነው። በሥርዓት ለብሶ በሥርዓት የሚነዳ ሰልፍ ይህን ስም ያጥባል፤ ላላፊ አግዳሚውም ቆም ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ይሰጠዋል። ጥያቄው በመጣበት ቅጽበት ስለ ካንሰር መናገር ይቻላል። የጉዞው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የፕሮስቴት ካንሰር ሲጀምር ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ወንድ ደግሞ ስለ ሽንቱ ለሐኪም መናገርን እንደ ውርደት ይቆጥራል። ስብሰባ ጠርተው ቢያስተምሩት የማይመጣ ሰው ሞተር ሊያይ ይመጣል።

በኢትዮጵያ

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 77 ሺህ ያህል ሰው አዲስ የካንሰር ሕመምተኛ ይሆናል፤ 52 ሺህ ገደማ ይሞታል። ቀዳሚው የጡት ካንሰር ሲሆን 16 ሺህ ያህሉን ይይዛል፤ የማህፀን በር ካንሰር ከ7 ሺህ በላይ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳዝነው ሕሙማኑ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱበት ጊዜ ነው። የጡት ካንሰር ካለባቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚመጡት በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

በሀገሪቱ ለካንሰር ሕዝብን በማሰለፍ ስሙ የሚነሳው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. መሠረቱት። ማኅበሩ ግንዛቤ ይሰጣል፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ሕሙማንም በአዲስ አበባ ማረፊያ ያቀርባል። ይህ ማረፊያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በሽተኛ ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረበት ከ1997 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሎቱ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት የተጨመሩት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት መመላለስን ይጠይቃል። የሚያርፍበት የሌለው ሕመምተኛ ተራው ቢደርሰውም ሕክምናውን አቋርጦ ሊመለስ ይችላል።

ብዙ ሕዝብ የሚሳተፍበት የጎዳና ሩጫ በኢትዮጵያ የተለመደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ካስጀመረው ታላቁ ሩጫ ጋር ሲሆን፣ ለጤና ጉዳይ ሰው መሰብሰብም በዚያው ቀለለ። ሞተር ሳይክል ግን በከተማ ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። አዲስ አበባ በሞተር ከሚፈጸም ዝርፊያ ጋር በተያያዘ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ገደበች፤ ፈቃድ ያላቸው ብቻ እንዲነዱ ተደረገ። ሲድኒ ላይ በክራቫት የታጠበው ስም እዚህም መታጠብ ያስፈልገዋል።

ሞተርና ጤና በገጠር

ገጠሩ ሞተርን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክትባት፣ መድኃኒትና ተቆጣጣሪ ባለሙያ ወደ ቀበሌ የሚደርሱበት አንዱ መንገድ ሞተር ነው። በአፍሪካ ደረጃ ይህን ያጎላው «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለው ድርጅት ነው። የሞተር ተወዳዳሪው ራንዲ ማሞላና ጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያ ሄደው ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች በትንሽ ብልሽት፣ ጠጋኝ በማጣት ብቻ፣ ቆመው አዩ። ከባሪ ባለቤት ከአንድሪያ ኮልማን ጋር ሆነው ከሞተር ውድድር አፍቃሪዎች ገንዘብ እያሰባሰቡ በሌሶቶ፣ በጋምቢያና በሌሎችም ሀገሮች የጤና ሠራተኞችን ሞተር በየጊዜው የሚጠግንና ነጂዎቹን የሚያሠለጥን ሥራ ዘረጉ። ለኢትዮጵያ ደጋ ከክራቫቱ ሰልፍ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ታሪክ ነው።

ወግዲና የሕመምተኛው መንገድ

ወግዲ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ምዕራቡ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ጎረቤቱ ቦረና ሲሆን መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ፣ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ አቋርጦ ደሴ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር። ጡቷ ላይ እብጠት ያየች የወግዲ እናት የጨረር ሕክምና ቢታዘዝላትና በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ብትላክ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቃታል፤ ያውም መካነ ሰላም የደረሰችበት ሳይቆጠር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው የትጥቅ ግጭት መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል።

የአካባቢው ሰው ግን ለታመመ መንገድ መውጣትን ከማንም አይማርም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ አራት ሆነው ይሸከማሉ፣ ሌሎች ተከትለው እየተፈራረቁ ይቀበላሉ። ይህን የሚያስተባብረው ሌላው ሀገር እድር የሚለው፣ ወሎ ቅሬ ብሎ የሚጠራው ማኅበር ነው። ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ ጎረቤትን ያቀፈ ነው፤ ሲቀብር አብሮ ይቀብራል፣ ሲሸከም አብሮ ይሸከማል፤ የቀረም ይቀጣል። የበጎ አድራጎት ጉዞ በወግዲ ቢታሰብ የሚቆምበት መሠረት ይኸው ነው። መዋጮ፣ ተራ፣ ግዴታና ሒሳብ አቅራቢ ሰብሳቢ ቅሬ ውስጥ ቀድሞውኑ አሉ። ከውጭ የሚመጣው ሞተሩና ዕውቀቱ ብቻ ነው።

ዕውቀቱ ደግሞ በሰው ቋንቋ መነገር አለበት። ካንሰር በቀድሞው ስሙ ነቀርሳ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስሙን መጥራት ፈርቶ «ያ በሽታ» ይላል። ስሙ ያልተጠራ በሽታ በጊዜ አይታይም። ሞተረኞቹ ገበያ ላይ ሲቆሙ ሊሉት የሚገባው አጭር ነው፦ የማያም የጡት እብጠት፣ ካረጡ በኋላ ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚፈስ ደም፣ የማይድን ቁስል፣ በወንድ ላይ የሽንት መቆራረጥ፣ በሕፃን የዓይን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ጠበል የሚጠመቅም፣ ዱዓ የሚያስደርግም ሰው ጤና ጣቢያውን ጎን ለጎን እንዲያስበው መንገር ይቻላል፤ ሃይማኖቱን ከነካችሁበት ግን ጆሮውን ይነሳችኋል።

አካሄዱ

ጉዞው ከወረዳው አስተዳደርና ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ይፈልጋል። መንገዱን የሚያውቅ አንድ መሪ ከፊት፣ ጠጋኝ ዕቃ የያዘ አንድ ልምድ ያለው ነጂ ከሁሉ ኋላ ይሆናሉ። የኋለኛው ሞተሩ የተበላሸበትን ወይም የደከመውን ጥሎ አይሄድም። በመካከል ያሉት ግራና ቀኝ ተፈራርቀው፣ ቢያንስ የሁለት ሴኮንድ ርቀት ጠብቀው ይነዳሉ፤ ኩርባና ኮረኮንች ላይ ርቀቱ ይሰፋል። ሄልሜት የሌለው አይሰለፍም፤ የፊትና የኋላ ፍሬን፣ ጎማና ሰንሰለት ከዋዜማው ይፈተሻሉ። በደጋው ጧት ጧት ጉም ስለሚወርድ ረፈድ ብሎ መነሣት ይሻላል።

ወሩን መምረጥ አያስቸግርም። ዓለም ለጡት ካንሰር የመደበው ኦክቶበር በኛ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሃያዎቹ ነው፤ ዝናቡ ያቆመበት፣ ጭቃው የደረቀበት፣ ገበሬውም ዋናውን አጨዳ ያልጀመረበት ጊዜ። የዓለም የካንሰር ቀን ጥር 27 ላይ ስለሚውል እርሱም በበጋ ነው።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም የሚውልበት በስም ሊታወቅ ይገባል፦ ለስንት ሕመምተኛ የደሴ ወይም የአዲስ አበባ መሳፈሪያ፣ ለስንት ሌሊት ማረፊያ። ግንዛቤ ሰጥቶ አገልግሎቱን አለማሳየት ጭካኔ ነው፤ ፍርሃት ጨምሮ ይሄዳልና። ስለዚህ የተሻለው ጉዞ የሚጠናቀቀው ምርመራ በሚሰጥበት ጤና ተቋም ደጅ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ይህ በቀላሉ ይቻላል። ልጃገረዶች ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት እየተሰጣቸው ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ደግሞ ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ በሚደረግ ቀላል ምርመራ ይታያሉ። የማህፀን በሩ ሲቀባ የተለወጠው ሥጋ ይነጣል፤ ቅድመ ካንሰር መሆኑ ከታወቀና ለሕክምናው የሚያመች ከሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት እዚያው ሊወገድ ይችላል። የታከመችው ሴት በዚያው ቀን፣ ምናልባትም በአንዱ ሞተር ኋላ ተቀምጣ፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።