ፍሬድሪክ ተርስተን፣ የክላሪኔት መምህር

የእንግሊዝ አገር የሙዚቃ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚወደሱት ደራስያኑና የኦርኬስትራ መሪዎቹ ናቸው፤ ነገር ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ 1950 ገደማ ድረስ በዚያች አገር ለክላሪኔት ከተደረሱት ታላላቅ ሥራዎች ብዙዎቹ የአንድን ሰው እስትንፋስ በማሰብ የተደረሱ መሆናቸውን ያስተዋለ ሁሉ፣ የፍሬድሪክ ተርስተንን ስም ከእነዚያ ደራስያን ስም ለይቶ ሊያስቀረው አይገባም።

ተርስተን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ከሄርፎርድ ከተማ አጠገብ ባለችው በሉግዋርዲን መንደር ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ከአባቱ ዘንድ መማር ጀምሮ፣ በ1920 በውድድር የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ወደሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም የዘመኑ የክላሪኔት ሊቅ ቻርልስ ድሬፐር አስተማረው። ድሬፐር የደራሲውን የቻርልስ ስታንፎርድን የክላሪኔት ኮንቼርቶ በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማ ሰው ነበረ፤ በዜማ ቤት ሥርዓት ቀለም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንደሚተላለፍ፣ ያው ድርሰት በ1922 ደራሲው ገና በሕይወተ ሥጋ ሳለ በተርስተን እጅ በኮሌጁ ተሰማ።

በ1930 የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በኤድሪያን ቦልት መሪነት ሲቋቋም ተርስተን የክላሪኔቱን ቀዳሚ ወንበር ያዘ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኦርኬስትራውን መጀመሪያ ወደ ብሪስቶል፣ ኋላም ወደ ቤድፎርድ ባሰደደው ጊዜ እንኳ አገልግሎቱን ሳያቋርጥ እስከ 1946 ቈየ።

የጨዋታው ጠባይ ምን ነበረ? ክላሪኔት ከሸምበቆ በተፈለቀቀ ስስ ልሳን የሚናገር መሣሪያ እንደ መሆኑ፣ ድምፁን እያርገበገቡ እንደ ዘፋኝ ጕሮሮ ማስለምለም ይቻላል፤ በዚያው ዘመን ስመ ጥር የነበረው ሬጂናልድ ኬል ይህን መንገድ መርጦ ብዙ አድናቂ አፍርቶበታል። ተርስተን ግን ድምፁን ሳያርገበግብ፣ ቀጥ ባለና በጠራ እስትንፋስ ይጫወት ነበር። የኬልን ውበት የምክድ አይደለሁም፤ ሆኖም ጌጥ የሌለው ድምፅ ጕድለቱን የሚሸሽግበት መጠለያ ስለሌለው፣ የተርስተን መንገድ ይበልጥ ጽኑ ተግሣጽ የሚሻ ይመስለኛል። ደራስያኑም ይህን ድምፅ ወደዱት፤ አርተር ብሊስ በ1932 ኩዊንቴቱን፣ ጆን አየርላንድ በ1943 ፋንታዚ ሶናታውን ደረሱለት፤ ማልኮልም አርኖልድም የመጀመሪያውን የክላሪኔት ኮንቼርቶውን ለእርሱ ጻፈ። ከሁሉም ይልቅ ልብን የሚነካው ጄራልድ ፊንዚ ለክላሪኔትና ለባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሰው ኮንቼርቶ ነው። የሄርፎርድ፣ የግሎስተርና የዉስተር ካቴድራሎች በየተራ በሚያስተናግዱት የሦስቱ መዘምራን በዓል ላይ በመስከረም 1949 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ፣ ኦርኬስትራውን የመራው ደራሲው ራሱ ነበረ፤ ተራውም የሄርፎርድ ስለ ነበረ፣ ተርስተን የተጫወተው በተወለደበት አውራጃ ነው።

በማስተማሩ በኩል ከ1930 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከኮሌጁ አልተለየም። ጀርቫዝ ደ ፔየር ከእርሱ ተምሮ በለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቀዳሚ የክላሪኔት ተጫዋች ሆነ፤ ኮሊን ዴቪስም ክላሪኔት የተማረው ከእርሱ ሲሆን፣ ፒያኖ ባለመቻሉ በኮሌጁ ከኦርኬስትራ መሪነት ትምህርት ቢከለከልም፣ ኋላ ያንኑ የለንደን ሲምፎኒ ለመምራት በቃ።

ተርስተን በጥር 1953 የቀድሞ ተማሪውን ቴያ ኪንግን አገባ፤ ነገር ግን በእስትንፋሱ የኖረው ሰው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በሳንባ ካንሰር በ52 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ክላሪኔት አጨዋወት ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1956 ነው። ኪንግ ግን የመምህሯን ሥራ በሁለቱም ወገን ተረከበች፤ የስታንፎርድንና የፊንዚን ኮንቼርቶዎች በአንድ ሸክላ አስቀረጸች፤ በዚያው በንጉሣዊው ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አስተማረች፤ በ2001ም በእንግሊዝ አገር ለሴቶች የሚሰጠውን የዴምነት የክብር ማዕረግ ተቀበለች።