ከነጋሪት እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ፦ የማይገኝ ተማሪን የማሳወቅ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው ደብዳቤ ጽፎ ተማሪው በአካልም በስልክም ሳይገኝ ሲቀር፣ ደብዳቤው «ደርሶታል» የሚባለው መቼ ነው? የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ከሆነ፣ ጥያቄው የአንድን ወጣት ዕጣ ይወስናል።

ጉዳዩን በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ አጠገብ ማንሣታችን ተገቢ ነው። በአገራችን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በገበያ ነውና። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ገዢው ቃሉን ሰው ወደሚሰበሰብበት ይልካል። ሁለተኛ፣ ገበያ ያልወጣ ሰው እንዳለ ያምናል፤ ስለዚህም የሰማውን ሁሉ መልእክተኛ ያደርገዋል።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬውን ንግድ ወደ ምዕራብ አዛወረ፤ የዛሬው መርካቶ ከዚያ ተነሣ። ከነጻነት በኋላ ድምፁ ወደ ወረቀት ተሻገረ፦ አዲስ ዘመን በ1933፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። ከበሮው ስሙን ለጋዜጣው አወረሰ፤ «ላልሰማ አሰማ» የሚለው አደራ ግን አብሮ አልተወረሰም።

ፖስታም ክፍተቱን አልሞላውም። አገልግሎቱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ቢቋቋምም፣ ደብዳቤ በዋናነት የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤት ወይም በነጋዴ ሣጥን «በእገሌ በኩል» ይጻፍለት፣ ወይም ከአውቶቡስ ተራ በመንገደኛ እጅ ይላክለት ነበር። ተማሪው በሬጅስትራር ቅጽ ላይ የሚሞላው ወረዳና የቤት ቁጥርም ማንነቱን ይገልጻል እንጂ ፖስተኛ አያመጣለትም።

ሕጋችን ይህን ችግር ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያ በጋዜጣ ወይም በማስታወቂያ እንዲደርስ የሚፈቅደው በመደበኛው መንገድ ማድረስ ሳይቻል ሲቀር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የስንብት ማስጠንቀቂያ ለሠራተኛው በእጁ መስጠት ካልተቻለ በሥራ ቦታው ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት እንዲለጠፍ ያዛል። በሁለቱም ዘንድ ሰሌዳና ጋዜጣ የመጨረሻው በር ናቸው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው በር ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ስለነበር ሰሌዳ ይበቃ ነበር። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ግን ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ላከው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በአገሪቱ በተነ። ያን ጊዜ መልእክት በራዲዮ ካልሄደ የግቢ ሰሌዳ ለማን ይናገራል?

ዛሬ ሰሌዳው ድረ ገጽና ቴሌግራም ሆኗል፤ ግምቱ ግን ያው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በብዙ አካባቢ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በድረ ገጽ የወጣ ጥሪ በዚያ ላለ ተማሪ እንዳልተነገረ ነበር። «ለጥፈናል» ማለትና «አሳውቀናል» ማለት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በእኔ እምነት ከታሪኩ የሚወጣው ትምህርት ሦስት ነው። ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት የተሞከረው መንገድ ሁሉ በተማሪው ማህደር ይመዝገብ። ተማሪው ሲመዘገብ እርሱን ማግኘት የሚችል አንድ ተጠሪ ይሰይም፤ ይህ ሱቅ ያለው አጎት ወይም የሰፈር ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ማየት አለመቻሉን ላስረዳ ተማሪም የይግባኝ ጊዜው እንደገና ይከፈትለት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አዋጅ የሁሉ ነው፤ የማሰናበቻ ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። በሰሌዳም ሆነ በተጠሪ በኩል የሚሄደው «ሬጅስትራር ይፈልግሃል» የሚለው ጥሪ ይሁን፤ ውጤቱና ምክንያቱ በታሸገ ፖስታ ባለቤቱን ይጠብቁ። ከአባቶቻችን የምንወርሰው ያልሰማ ሰው እንዳለ ማመንን ነው፤ ጉዳዩን በአደባባይ መንገርን ግን ለአዋጅ እንተወው።