ቀደምት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች

በ1920ዎቹ ዓ.ም. አውሮፕላን ማብረር የጀመሩ ኢትዮጵያውያን። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሳይሞላ ወደ ውጊያ ገባ። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ያደረጉት የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በሸፈቱ ጊዜ በሠራዊታቸው ላይ ከሰማይ መጀመሪያ የወረደው ወረቀት ነበር፤ አዋጅና የአቡኑ ግዝት። ቦምቡ ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ወደቁ። አብራሪዎቹ ግን የውጭ ሰዎች ነበሩ።

ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን የበረሩት በ1923 ዓ.ም. መባቻ ነው፦ አባታቸው ሩሲያዊ የሆኑት ሚሽካ ባቢቼፍ፣ ቀጥሎም አስፋው አሊ። ሁለቱም የፈረንሳውያን ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ የተማሩት ሙሉመቤት እምሩም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ይባላሉ።

ስለ ዘመኑ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው ከአሜሪካ የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ ውለታው አይካድም። እሱ የመጣው ግን በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ባቢቼፍና አስፋው በዓመታት ይቀድሙታል።