የስም ነገርና የካናዳ ፈረንሳውያን የትውልድ ሐረግ

ሰው አልፎ የሚቀረው ስሙ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ስም ራሱ በዘመናት ውስጥ የሚለዋወጥ፥ አልፎ አልፎም የሚጠፋ ስለ ኾነ፥ የትውልድን ሐረግ ለሚመረምር ሰው አንድ ጊዜ መሪ፥ አንድ ጊዜም መሰናክል ይኾናል። ለዚህ ምሳሌ እንዲኾነን የካናዳ ፈረንሳውያንን ታሪክ መረጥን። ይህ ሕዝብ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1945 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ የኾኑት፥ በ1950ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት የጀስዊት ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ከዚሁ ወገን ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሻምፕላን የኬቤክን ከተማ የቈረቈረው በ1608 ነው። በ1617 የፓሪሱ መድኃኒት ቀማሚ ሉዊ ኤቤር ከሚስቱ ከማሪ ሮሌና ከልጆቹ ጋራ ገብቶ መሬት ማረስ ጀመረ። በ1665 ከፈረንሳይ የመጣው የካሪኛን ሳሊዬር ክፍለ ጦር በተመለሰ ጊዜ፥ ከወታደሮቹ አራት መቶ ያህሉ በዚያው ቀሩ። ከ1663 እስከ 1673 ድረስም ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ስምንት መቶ ያህል ቈነጃጅት ጥሎሽ እየሰጠ ላከ፤ እነዚህም «የንጉሥ ልጆች» ተባሉ። በ1666 ዣን ታሎን ባስቈጠረው ጊዜ ሰፋሪው 3,215 ብቻ ነበረ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠረው ሕዝብ አብዛኛው የዚህ ጥቂት ዘር ነው።

ሐረጉን ለመከተል የተቻለው ቀሳውስቱ ጥምቀትን፥ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ ይጽፉ ስለ ነበረ ነው። በጋብቻው መዝገብ የሙሽራውና የሙሽራይቱ ወላጆች ስም ይሰፍራል፤ ሴቲቱም ካገባች በኋላ በመዝገብ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። በዚህ ረገድ ልማዳቸው ከእኛ ጋራ ይገጥማል። በ1640 የኬቤክ ቤተ ክርስቲያን ከነመዝገቡ በተቃጠለ ጊዜ እንኳ፥ የጠፋውን ከሰዎች ትዝታ እየለቀሙ እንደ ገና ጻፉት። ቄስ ሲፕሪየን ታንጌም ከ1871 እስከ 1890 ድረስ ሰባት ቅጽ ያለው የቤተ ሰቦች መዝገበ ትውልድ ያሳተሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

መሰናክሉ ከስም ልማድ ይነሣል። የፈረንሳይ ወታደር የጦር ስም ነበረው፤ አንዱ «ላፍለር» ይኸውም አበባው፥ ሌላው «ሳንሱሲ» ይኸውም ሐሳብ የለሽ ይባላል። የእኛም አባቶች አባ ታጠቅ፥ አባ በዝብዝ፥ አባ ዳኘው የሚል የፈረስ ስም ነበራቸው። ልዩነቱ ግን የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋራ ሲቀር፥ የእነርሱ የጦር ስም ወደ ልጅ መተላለፉ ነው። ከወንድማማች አንዱ የቤተ ሰቡን ስም፥ ሁለተኛው የጦሩን ስም ሲይዝ፥ የልጅ ልጆቻቸው ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች ማሪ፥ ብዙዎቹ ወንዶች ዦዜፍ ተብለው ስለሚጠመቁ፥ የዘወትር መጠሪያቸው ከዚያ ቀጥሎ የሚጻፈው ነበረ።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ለኹሉ እኩል አልነበረም። በዚያች አገር ከአገሬው ተወላጆችና ከአፍሪቃውያን ወገን ከአራት ሺሕ የሚበልጡ ባሮች እንደ ነበሩ የታሪክ ሊቁ ማርሴል ትሩዴል አስረድቷል። አገሬው ባሪያ የመጣበት ነገድ ሳይለይ በጅምላ «ፓኒ» ይባል ነበረ፤ ሲጠመቅ የፈረንሳይ ስም ይሰጠዋል፥ የጌታውም ስም ይጻፋል፤ የእናትና የአባቱ ስፍራ ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። የገበሬውን ሐረግ ለሦስት መቶ ዓመት የጠበቀው ብዕር የባሪያውን ሐረግ በአንድ መስመር ቈረጠው።

ከዚህ የምንማረው ለእኛም ይጠቅማል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ በ2012 ወጥቷል። እንግዲህ በመዝገብ ፊት የሚቀመጥ ጸሓፊ፥ የድኻውንም የባለጸጋውንም ስም ከነወላጆቹ አሟልቶ ቢጽፍ፥ ገና ያልተወለደ ሰው አንድ ቀን አያቱን ፈልጎ ያገኛል፤ ቢሰንፍ ግን ያ ባዶ ስፍራ ለዘለዓለም ባዶ ኾኖ ይኖራል።